ከኋላ ሞላ የሌላት

ሳይክሌን ይዤ ስወጣ የሚቀድመው ጥያቄ ሁሌም ዋጋ ነው። ሁለተኛው ዋጋውን ከሰሙ በኋላ ይከተላል፦ «እንዴ! በዚህ ሁሉ ብር ከኋላ ሞላ እንኳን የላትም?»

አይፈረድባቸውም። መርካቶ ተደርድረው የሚሸጡትን «ማውንቴን» የሚባሉ ሳይክሎች ያየ ሰው፣ ከኮርቻው ሥር ቀይ ቀለም የተቀባ ወፍራም ሞላ ያለው ነው ጥሩው ብሎ ቢደመድም ምን ይገርማል? ሻጩም የሚያሳየው እሱኑ ነው። ኮርቻውን በመዳፉ ጫን ለቀቅ እያደረገ «ምቾቱን እየውማ!» ይላል። ዳገት ላይ ምን እንደሚሆን ግን አያወራም። ፔዳሉን በረገጥክ ቁጥር ሞላው ይሰምጣል፤ ወደፊት ሊወስድህ የሚገባው ጉልበት ሞላ ሲያሰምጥ ይውላል። የብረቱን ክብደት ደግሞ አንተው ትጎትታለህ። ለውድድር የሚሠሩት ባለ ሁለት ሞላዎች ሌላ ነገር ናቸው፤ እነሱ ላይ እመለሳለሁ።

የኔዋ ሃርድቴይል ናት፤ ሞላዋ ከፊት ብቻ ነው። ከፊት በአየር የሚሠራ፣ 100 ሚሊ ሜትር የሚሰምጥ ሹካ አላት፤ ከኋላ ድርቅ ያለች ናት። አካሏ ካርቦን፣ ጎማዋ 29 ኢንች፣ ማርሿ ከፊት አንድ ከኋላ 12። ያለ ፔዳል 10 ኪሎ ከጥቂት መቶ ግራም ትመዝናለች። መጀመሪያ የገዛት ሐምቡርግ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። ሦስተኛ ልጅ ሲወለድለት «ለባዕድ ከምሸጣት ለዘመድ ትሁን» አለና፣ ዋጋውን እንደ ባዕድ ተቀብሎኝ፣ በካርቶን አሽጎ ይዟት መጣ።

አብሬያት በቆየሁ ቁጥር ይበልጥ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ገንዘቤን የከፈልኩት ለሌላት ነገር መሆኑ ነው። የኋላ ሞላ የላትም፤ ሞላው የሚታጠፍባቸው ኩሽኔታዎችም የሏትም። የፊት ማርሽ መቀየሪያ የላትም። ከመነዳሪ እንኳን የላትም። የሌለ ነገር አይበላሽም፤ እዚህ ከተማ ውስጥ ደግሞ ያልተበላሸ ነገር ማለት መለዋወጫ ፍለጋ ሳትንከራተት የምታሳልፈው ቅዳሜ ማለት ነው።

ክብደቷን በተመለከተ፣ የአገር አቋራጭ (ክሮስ ካንትሪ) ሳይክል ሠሪዎች ግራም የሚቆጥሩት ለውድድር ነው። እኔ የምቆጥረው ለደረጃ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው፤ ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ታች አስሬ እንዳልተዋት የግቢው ዘበኛ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ቁርጡን ነግረውኛል። «ስማኝ ልጄ» አሉኝ፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ «መኪና ሲሰረቅ ድምፅ አለው። ይቺ እኮ በብብት ትገባለች። እኔ አልፈረምኩባትም።» ስለዚህ ጠዋት ማታ ትከሻዬ ላይ ናት። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ውኃ በሚጠፋበት ሰሞን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዘው ሲወጡ ደረጃ ላይ እንገናኛለን። እሳቸው ቆም ይላሉ፣ እኔም ቆም እላለሁ። «ያንተ ይሻላል፣ ግማሽ ጀሪካን ናት» ይሉኛል። ልክ ናቸው። አንዳንዴ ሳይክሏን እላይ አድርሼ ጀሪካናቸውን ለማንሳት ስመለስ ነው የኪሎ ትርጉም የሚገባኝ።

አሁን ወደ እንጦጦ እንሂድ፤ ይቺ ሳይክል ሥራዋ እዚያ ነው።

መንገዱን የማያውቅ ካለ፦ ከአራት ኪሎ በአምስት ኪሎ አድርገህ ስድስት ኪሎ የሰማዕታቱ ሐውልት ጋ ትደርሳለህ። እስከዚያ ድረስ ዳገቱ ገና ሰላምታ እየሰጠህ ነው። ከዩኒቨርሲቲው አጥር ወደ ላይ፣ የአሜሪካ ኤምባሲን አልፈህ ሽሮ ሜዳ ስትደርስ የሀበሻ ቀሚስ ሱቆቹ ገና እየተከፈቱ ነው፤ ሚኒባሶቹም መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘው «ስድስት ኪሎ፣ አራት ኪሎ» እያሉ ይጣራሉ። ከሽሮ ሜዳ በላይ ነው ወሬ የሚቆመው። አዲስ አበባ በአማካይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ላይ ነው የተቀመጠችው፤ የእንጦጦ አናት 3,000ን ያልፋል። አራት ኪሎ ላይ የምንተነፍሰው አየር ራሱ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው፤ እላይ ደግሞ ከዚያም ይሳሳል። ሯጮቻችን እዚያ የሚሠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ጊዜ ሰብሰብ ብለው ሲያልፉኝ ትንፋሻቸው እንኳን አይሰማም። በሳይክል በሯጭ መበለጥ ክብር የሚነካ ይመስላል፣ ግን ይለመዳል።

ስትመጣ የፊት ጥርሷ 34 ነበር። ለሐምቡርግ ይበቃል፤ ለሽሮ ሜዳ ግን አይበቃም፣ በ30 ቀየርኩት። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ከኋላ ትልቁ ማርሽ 50 ጥርስ አለው፤ የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር ከ28 ሴንቲ ገደማ ነው። በ34 ፔዳሉን አንዴ ሙሉ ስታዞር 1 ሜትር ከ55 ትሄዳለህ፣ በ30 ደግሞ 1 ሜትር ከ37። 18 ሴንቲ ወረቀት ላይ ምንም አይመስልም። ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ልብህ ጆሮህ ውስጥ ሲመታ ግን በመንዳትና ወርዶ በመግፋት መካከል ያለችው እሷው ናት። ሃርድቴይል መሆኗም የሚታወቀው እዚህ ነው። ተቀምጬ ስነዳትም ሆነ ቆሜ ስረግጥ ከእግሬ የወጣው ሁሉ መሬት ይደርሳል። የፊቱን ሹካ እጀታው ላይ ባለች ቁልፍ እቆልፈዋለሁ፤ ያኔ ከፊትም ከኋላም ትደርቃለች።

የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መስከረም ከተከፈተ ወዲህ ለሳይክልም ለእግርም የተስተካከለ መንገድ አለ። ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ ጥሩ ነው። እኔ ደስ የሚለኝ ግን ከባሕር ዛፉ መሃል እንጨት ተሸካሚ እናቶች በእግራቸው የከፈቷቸው ቀጫጭን መንገዶች ናቸው። ሰው ተሸክሞ ሲያልፍበት የኖረ መንገድ ዳገቱን አዋቂ ነው፤ የት መጠምዘዝ እንዳለበት ያውቃል። ሕጌ አንድ ነው፦ ጭነት የተሸከመ ሰው ሲመጣ ካየሁ ወርጄ፣ ሳይክሏን አንስቼ፣ ጥግ እይዛለሁ። አንድ ጠዋት ወገባቸው እስኪታጠፍ ተሸክመው የሚወርዱ እናት አጠገቤ ሲደርሱ ቆሙና ፊቴን ላቡን አዩት። «ልጄ፣ ምን አደረግኻት ነፍስህን? ታክሲ የለም?» አሉኝ። ጀርባቸው ላይ ያለው እንጨት ከእኔም ከሳይክሌም ይረዝማል። ምን ይባላል? «በርቱ እናቴ» ብዬ አሳለፍኳቸው።

ቁልቁለቱ ላይ ከኋላ ሞላ የላትም ያሉኝ ሁሉ ትዝ ይሉኛል። እውነትም የላትም! እዚያ ሞላው የራስህ ጉልበትና ክርን ነው። ፔዳሎቹን እኩል አድርገህ ትቆማለህ፣ ጉልበትህን ታላላለህ፣ ኮርቻው ከሥርህ እንዲወዛወዝ ትለቀዋለህ። ሥር ሲመጣ፣ ድንጋይ ሲመጣ፣ የኋላው ጎማ ሲዘል በእግርህ ትቀበለዋለህ። ባሕር ዛፍ ልጣጩን ጥሎ መሬት ላይ ሲበተን ደግሞ እርጥበት ካለው እንደ ሳሙና ነው፤ እሱ ላይ ፍሬን መያዝ አይደለም ማሰብም አደገኛ ነው። ከኋላ ሞላ ያለው ሳይክል ብዙ ነገር ይሸፍንልሃል። ይቺ ምንም አትሸፍንም፤ መስመር ከሳትክ ወዲያው ወገብህ ላይ ትጽፈዋለች። እውነቱን ለመናገር፣ ከላይ እስከ ሽሮ ሜዳ ኮብልስቶኑን ስወርድ መዳፌ ይደነዝዛል። የጀርባ ሕመም ላለበት ሰው፣ ወይም ዳገቱን በመኪና ወጥቶ ቁልቁለቱን ብቻ መደሰት ለሚፈልግ፣ አልመክራትም።

የአክስቴ ልጅ በዚህ ነገር አያምነኝም። «ዓለም ትቶታል፣ አሁን ውድድሩም በባለ ሁለት ሞላ ነው» እያለ ይነዘንዘኛል። ታሪኩን ካየነው እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ ቼኩ ያሮስላቭ ኩልሃቪ ከኋላም ሞላ ባላት ሳይክል ወርቁን ሲወስድ፣ በሃርድቴይል የተወዳደረው ስዊዘርላንዳዊው ኒኖ ሹርተር ብር አገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ ሪዮ ላይ ሹርተር ራሱ ወርቅ ያመጣው በባለ ሁለት ሞላ ነው። ይሁን። ግን እነሱ ሳይክላቸውን የሚያጥብ፣ ኩሽኔታ የሚቀይር፣ የሞላውን ዘይት የሚያድስ መካኒክ አላቸው። እኔ ያለኝ ባልኮኒ ነው። ባልኮኒውም ላይ የልብስ ማስጫ አለ።

ጎማ ላይ አንድ የከፍታ ጉዳይ አለ፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። የጎማ መለኪያ የሚያነበው በውስጥና በውጪ አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ሐምቡርግ ላይ 20 ፒ.ኤስ.አይ የተሞላ ጎማ ሳይነካ አዲስ አበባ ቢደርስ 23 ከግማሽ ገደማ ያነባል፤ ከውጪ የሚጫነው አየር ስለቀነሰ ነው። ለመኪና ጎማ ይህ ከቁጥር አይገባም። ለእኔ ግን ከኋላ ያለኝ ማረፊያ ያ ጎማ ብቻ ስለሆነ ይገባል። ከፊት 19፣ ከኋላ 21 አድርጌ ነው የምነዳው። ሁለት ስጨምር አስፋልት ላይ ትፈጥናለች፣ ኮብልስቶን ላይ ጥርሴን ታንቀጫቅጨዋለች።

ከመነዳሪ የላትም ብያለሁ። በምትኩ ጎማው ውስጥ ሲላንት የሚሉት ነጭ ፈሳሽ አለ። እሾህ ሲወጋህ ፈሳሹ በቀዳዳው ወጥቶ እዚያው ይረጋና ይደፍነዋል፤ ብዙ ጊዜ መወጋትህንም የምታውቀው ቤት ገብተህ ጎማው ላይ ነጭ ነጥብ ስታይ ነው። ችግሩ በበጋ ቶሎ ይደርቃል፣ በየጥቂት ወሩ መጨመር አለበት። ሌላው ችግር አዲስ ጎማ ስትገጥም ነው፤ ጎማው ከቸርኬው ጠርዝ ጋር እንዲገጥም ብዙ አየር በአንድ ጊዜ መግባት አለበት፣ የእጅ ፓምፕ ደግሞ አቅሙ የለውም።

እኔም ጎማ የቀየርኩ ዕለት ተሸክሜ አንድ ጎሚስታ ቤት ሄድኩ። የሚሠራው ልጅ ሃያ ዓመት የሞላው አይመስልም። የይሱዙ ጎማ ላይ ቆሞ ነበር፤ ወርዶ የኔዋን አገላብጦ አያት።

«ጋሼ፣ ከመነዳሪው የታለ?»

«የላትም።»

«እና በምን ትነፋለች?»

«ቪትዝ በምን ትነፋለች?»

ፊቱ በራ። «ቲዩብለስ ናት በሉኛ!»

ከዚያ በኋላ እኔ ተመልካች ነበርኩ። የኦሞ አረፋ በብሩሽ ዙሪያውን ቀባው። የቫልቯን ውስጠኛ ክፍል ፈትቶ አወጣና የኮምፕሬሰሩን አፍ በባዶው ቱቦ ላይ ደግኖ፣ ዙሪያውን በአውራ ጣቱ አፍኖ ለቀቀው። ጎማው መጀመሪያ ተንፈሰፈሰ፣ አረፋው በየቦታው ፈላ፣ ከዚያ «ጧ!» አለ፤ ቀጥሎ ሌላ «ጧ!»። መንገድ የሚያልፍ ሰው ዞሮ አየ። ልጁ ግን ጆሮውን አስጠግቶ ጎማውን እያዞረ ሁለቱም ጠርዝ እኩል መግባቱን በጣቱ ዳሰሰ። ቫልቯ ቀጭን ስለሆነች የመኪናው ማስነፊያ አይይዛትም፤ ለእሱ ከኪሴ የማትለይ ትንሽ የነሐስ መቀየሪያ አለችኝ። የሳይክል ጎማ ነው ብሎ ዋጋ ይቀንሳል ብዬ ስጠብቅ የመኪናውን አስከፈለኝ። «አንድ ዓይነት ሥራ ነው ጋሼ» አለኝ። ከሥራው ጥራት አንጻር አልተከራከርኩም። አሁን ደንበኛዬ ነው፤ መቀየሪያዋንም ዋጋዋን ጠይቆኛል።

ፍሬኑም ላይ እንዲህ ያለ ዕድል ገጥሞኛል። የዲስክ ፍሬን በዘይት ነው የሚሠራው፤ ሺማኖ የሚባለው ኩባንያ ፍሬኖች የማዕድን ዘይት ይፈልጋሉ፣ የኔዋ የተገጠመላት የስራም ኩባንያ ፍሬን ግን ዶት የሚባለውን ነው። ሁለቱ አይቀላቀሉም፤ ካቀላቀልክ የውስጥ ላስቲኮቹ ይበላሻሉ። ዶት 4 ደግሞ የመኪና ፍሬን ዘይት ስለሆነ ሶማሌ ተራ ሞልቷል። ሳይክል ልትገዙ ካሰባችሁ ሻጩን ስለ ቀለሟ ከመጠየቃችሁ በፊት የፍሬኗን ዘይት ጠይቁ። ካርቦን ከሆነች ደግሞ ሁለት ነገር አደራ፦ ቡሎኖቹን በግምት አታጥብቁ፣ የኮርቻው ምሰሶ ማጥበቂያ ብዙውን ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው የሚፈልገው፤ የሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይም በገመድ አታስጠፍሯት። ረዳቱ ገመዱን በእግሩ ረግጦ ሲያጠብቅ ማየት የሚችል ልብ የለኝም።

ከተማው ውስጥስ? ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ኮሪደር ልማቱ የሳይክል መስመር አምጥቷል። ጠዋት ከአራት ኪሎ በቤተ መንግሥቱ በር፣ በሂልተን፣ በአፍሪካ አዳራሽ አድርጌ መስቀል አደባባይ የምደርሰው ፔዳል ሳልነካ ነው ማለት ይቻላል። መስመሩ ላይ ግን እግረኛው አለ፣ ፎቶ የሚነሳው አለ፣ ሕፃን በጋሪ እየገፋ የሚንሸራሸረው አለ። ስለዚህ ሐምቡርግ ያለው ሰውዬ ግራም እየቆጠረ ያራቆታት ሳይክል ላይ ደወል ገጠምኩባት። ፎቶዋን ስልክለት ለሁለት ቀን አልመለሰልኝም። በእውነቱ ለዚህ መስመር ይቺ ሳይክል አታስፈልግም፤ ማንኛዋም ፍሬኗ የሚይዝ ሳይክል ትበቃለች። የመሥሪያ ቤቴ ሕንፃ ጥበቃ ደግሞ «ዕቃ በኋላ በር» ብሎ ያዞረኛል። በኋላ በር ደረጃ አለ። ደረጃ ደግሞ ለምጃለሁ።

ፒያሳ ቡና ስጠጣ ግን ሳይክል ይዞ መቀመጥ ጥቅም አለው፤ ሽማግሌዎች ያዋሩሃል። አንዱ አባት ስለ ዋጋም ስለ ሞላም አልጠየቁኝም። «ገረመው ደንቦባን ታውቀዋለህ?» ነው ያሉኝ። አውቀዋለሁ፤ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሄድ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን፣ በሳይክል ከተወዳደሩት አንዱ ነው። «የዛኔ ሳይክል ብረት ነበር» አሉኝ፣ አንስተዋት በአንድ እጃቸው እየመዘኑ። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ መሮጡን ሳነሳባቸው «እሱስ የኛ ዘመን ልጅ አይደለም» ብለው ወደ ገረመው መለሱኝ። ስኒያቸው እስኪቀዘቅዝ አወሩልኝ።

ክረምት ሲገባ እንጦጦን እተዋለሁ። ቀዩ ጭቃ ጎማና ሹካ መሃል ገብቶ ተሽከርካሪውን ያቆመዋል፤ መንገዱም በጎማ ከተሰነጠቀ ጎርፍ ይበላዋል፣ የሚያልፉበት ደግሞ ተሸካሚዎቹ ናቸው። ጭቃው ካቴናውንም ይፈጀዋል። ባለ 12 ካቴና ቀጭን ነው። በመለኪያ ስፈትሸው ከግማሽ በመቶ በላይ ተለጥጧል፤ አሁኑኑ ካልቀየርኩት የኋላውን ጥርስ በሙሉ ይዞት ይሄዳል፣ እሱ ደግሞ ዋጋው አይነገርም።

የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ይመጣል። ዝርዝሩን ልኬለታለሁ፦ አንድ ካቴና፣ አንድ ሊትር ሲላንት፣ ሁለት ጥንድ የፍሬን ሸራ። «ሁሉም ተደምሮ ሁለት ኪሎ አይሞላም፣ ጣጣ የለውም» ብሎኝ ነበር። በማግስቱ አክስቴ ደውላ የድስት ስብስብ አዘዘችው፣ ባለ ወፍራም ቂጡን። ከሻንጣው 23 ኪሎ ላይ አሁን ከእሷ ጋር እየተደራደርን ነው። ካቴናው ገብቷል፤ በሸራው ተስማምተናል፤ ሲላንቱን ግማሽ ሊትር አድርገው እያለችኝ ነው።